ዶልዱም ምላጭና የጺም ሥር እብጠት

መሳላ (መስቀል) ሲቃረብ ዱራሜ ፀጉር ቤቶች ወረፋ ይበዛባቸዋል። ከበዓሉ በኋላ ደግሞ ወረፋው ወደ እኛ ይመጣል። አንገቱና አገጩ ብጉር በሚመስል እብጠት የተሞላ ወጣት «ዶክተር፣ ምን ልቀባ?» ይለኛል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው «በምን ተላጨህ?» ብዬ ነው።

እብጠቱ ለምን ይወጣል?

የብዙዎቻችን ጺም ጥቅልል ነው። ምላጩ ከዶለዶመ ፀጉሩን ባንዴ አይቆርጥም፣ ይጎትተዋል። እኛም ጫን እንላለን፣ አንዱን ቦታ ደጋግመን እንፍቃለን። ቆዳው ይቆስላል፤ ከሥር የተቆረጠው ፀጉርም ሲያድግ ተጠቅልሎ መልሶ ቆዳውን ይወጋል። ስለዚህ ከቅባት በፊት ስለቱን እናስተካክል።

የሚታጠፍ ምላጭ ቤታችሁ ካለ (ብዙ ጊዜ ከአባት የተወረሰ ነው)፦

• ከመላጨታችሁ በፊት በተወጠረ ቆዳ ላይ ከ20 እስከ 30 ጊዜ አመላልሱት። ጀርባው ይቅደም፣ ስለቱ ይከተል። ስለቱ ከቀደመ ቆዳውን ይቆርጣል።
• ይህ ካልበቃው ብቻ ወደ መሳያ ድንጋይ ውሰዱት።
• ፊታችሁን 3 ደቂቃ ያህል በሞቀ ውሃ አርጥቡ፣ ሳሙና ቀቡ። ምላጩን ወደ 30 ዲግሪ አጋድማችሁ፣ ሳትጫኑ፣ ፀጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ ላጩ።
• ስትጨርሱ አጥባችሁ አድርቁት፣ ስስ ዘይት ቀቡት። እርጥቡን አጥፋችሁ ካስቀመጣችሁት ይዝጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ

የሄፓታይተስ ቢ (የጉበት) ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። በዐይን የማይታይ ደም ይበቃዋል። ምላጩን በክብሪት እሳት ለብለብ ማድረግ ወይም በአልኮል መጥረግ አስተማማኝ አይደለም። እሳት ብረቱን ያለሰልሰዋል፣ በረኪና ደግሞ ያዝገዋል። ምላጩ ቢቀቀል እንኳ የሚሳልበት ቆዳ አይቀቀልም! ስለዚህ የሚሳል ምላጭ የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ወንድማማቾችም አይዋዋሱት።

ፀጉር ቤት ስትሄዱ «አዲስ ምላጭ ክፈትልኝ» በሉ፤ ወረቀቱ ፊታችሁ ሲቀደድ እዩ። የምን ማፈር ነው? ጥሩ ባለሙያ አይቀየማችሁም።

በአገራችን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን ብዙዎቻችን አልተከተብንም። ተመርመሩ፤ ነፃ ከሆናችሁ በ6 ወር ውስጥ በ3 ዙር የሚሰጠውን ክትባት ውሰዱ።

እብጠቱ አሁን ካለባችሁ ለጥቂት ሳምንታት መላጨት አቁሙ፣ አታፍርጡት፤ ሐኪም ያላዘዘውን ቅባትም አትቀቡ። መግል ወይም ትኩሳት ካለ ግን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ይህን ጽሑፍ ለፀጉር አስተካካያችሁም ሼር አድርጉለት። እሱም በየቀኑ በምላጭ የሚቆረጥ ሰው ነው።