ያረጀ ውሻ፣ ተጨማሪ ምግብና የጉልበት ነገር



የዛሬውን ንግግሬን በራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። ቡቺ የሚባል ውሻ ነበረኝ። 11 ዓመት ሲሞላው ዳገት ላይ ቆም ቆም ማለት ጀመረ። እኔም «እርጅና ነው» ብዬ ለመገጣጠሚያ ይበጃል የተባለ ግሉኮሳሚን ለወራት ሰጠሁት። በመጨረሻ ደረቱን ሳዳምጥ ያልተለመደ የልብ ድምፅ ሰማሁ። የልቡ ቫልቭ በደንብ አይገጥምም ነበር። «አስቀድማችሁ መርምሩ» እያልኩ የማስተምረው እኔው ነበርኩ።

የመጀመሪያው ነጥቤ እንግዲህ ይህ ነው፦ ድካም ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። ከበስተጀርባው የልብ ሕመም፣ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መዳከም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም የጡንቻ መመንመን ሊኖር ይችላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ውሻው ግን አልደበቀም፤ በአካሄዱ ነግሮን ያልሰማነው እኛ ነን።

ሁለተኛው ነጥብ ተጨማሪ ምግቦቹን ይመለከታል። ግሉኮሳሚን በስፋት ቢሸጥም የጥናቶቹ ውጤት እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው። ከዓሣ ዘይት የሚገኘው ኦሜጋ 3 የተሻለ ማስረጃ አለው፤ የመገጣጠሚያን ብግነት ይቀንሳልና። ይሁን እንጂ ውሻው ረዘም ላለ ጊዜ የሚራመደው ሕመሙ ስለቀለለት እንጂ ልቡ ወይም ጡንቻው አዲስ ኃይል ስላገኘ አይደለም። መጠኑ ሲበዛም ተቅማጥ ያስከትላል። ኤል-ካርኒቲን ስብን ወደ ሚቶኮንድሪያ በማስገባት ኃይል እንዲመነጭ ይረዳል፤ ነገር ግን ጤነኛ ውሻ በሰውነቱ ውስጥ ራሱ ያዘጋጀዋል። ስለዚህ እጥረት በሌለበት ብዙ መጠበቅ አይገባም።

ከሁሉ የጠነከረው ማስረጃ ግን የተገኘው በመጨመር ሳይሆን በመቀነስ ነው። በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታተመ ጥናት 48 ላብራዶሮች ከቡችላነት እስከ ሞት ተከታትለው ተጠንተዋል። ግማሾቹ ከጥንዶቻቸው 25 በመቶ ያነሰ ምግብ ይበሉ ነበር። የእነዚህ መካከለኛ ዕድሜ 13 ዓመት ሲሆን፣ የሌሎቹ 11.2 ነበር፤ የመገጣጠሚያ ሕመሙም ዘግይቶባቸዋል። ቀጭን ሰውነት ለመገጣጠሚያም ለልብም ሸክም ያቀላል።

ስለዚህ አንድ ያረጀ ውሻ ሲቀርብላችሁ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ማዳመጫ፣ የደም ምርመራ፣ ሚዛን፣ አጭር ግን የዘወትር የእግር ጉዞ፤ ጠርሙሱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ቡቺ የልብ መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ዳገቱን ዳግም አልወጣውም። ሆኖም ከበራችን እስከ መንገዱ ጥግ አንድ ዓመት ሙሉ አብሮኝ ተራምዷል። ያባከንኳቸውን ወራት ግን አልረሳኋቸውም።