ሕፃን ጥርስ ሲያወጣ፦ ድዱን ማስጎርጎር መድኃኒት አይደለም
(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን! የዛሬው ርዕሳችን ልጅ ያለበትን ቤት ሁሉ የሚመለከት ነው። ሕፃን ጥርስ ሊያወጣ ሲል ይነጫነጫል፣ ልሃጩ ይንጠባጠባል፣ እጁ የገባውን ሁሉ ይነክሳል። በዚያው ሰሞን ተቅማጥና ትኩሳት የሚይዘውም አለ። ታዲያ በከሚሴም ይሁን በባቲ፣ በሰንበቴም ይሁን በደዌ፣ ከጎረቤት አንዷ ብቅ ብላ "ይህማ ግግ ነው፤ የወተት ጥርሱን አስነቅዪለት" ማለቷ አይቀርም። እናት ትደነግጣለች። አባት ገንዘብ ይፈልጋል። ልጁም ጤና ጣቢያ መሄዱ ቀርቶ ነቃይ ዘንድ ይወሰዳል። ይህች ውሳኔ ሕይወት እስከማሳጣት ልትደርስ ስለምትችል ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ጥርስ መቼ ይበቅላል?

አላህ (ሱ.ወ) የወተት ጥርሶችን ገና ልጁ በእናቱ ማህፀን ሳለ በድዱ ውስጥ መፍጠር ይጀምራል። ቁጥራቸው 20 ነው። በአብዛኛው በመጀመሪያ ብቅ የሚሉት ሁለቱ የታችኛው የፊት ጥርሶች ሲሆኑ ጊዜያቸውም 6 ወር ገደማ ነው። ሆኖም በ3 ወይም በ4 ወሩ የሚያወጣ ሕፃን አለ፤ አንድ ዓመት እስኪሞላው የሚቆይም አለ። ቶሎ ማውጣቱ ክፉ ምልክት አይደለም፤ መዘግየቱም እንደዚያው። አልፎ አልፎ ጥርስ ይዞ የሚወለድም ይኖራል። እርሱንም ቢሆን ለሐኪም ማሳየት እንጂ በገድ መተርጎም አይገባም። ክራንቻዎቹ ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 22 ወር ባለው ጊዜ ይወጣሉ። ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው 20ዎቹም ተሟልተው ይገኛሉ።

"ግግ" የሚባለው ምንድን ነው?

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሕፃኑ ጥቂት ወራት ሲሆነው ክራንቻው የሚበቅልበት የድድ ክፍል አበጥ ይላል፤ ነጣ ብሎም ሊታይ ይችላል። ነቃዮች "በሽታው ይኸውላችሁ" ብለው የሚያሳዩት ይህንኑ ነው። በምላጭ፣ በወስፌ ወይም በሚስማር ጎርጉረው ሲያወጡት ለስላሳና ነጭ ስለሆነ "ትል ነው" ይባላል። ትል ግን አይደለም። ገና ያልጠነከረ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ሊወጣ ቦታውን ይዞ የሚጠብቅ የልጁ የራሱ ጥርስ ነው።

ይህ ልማድ በአማራ ክልልና በሌሎችም የአገራችን አካባቢዎች ይታወቃል። በሱዳን፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያም አለ። በአውሮፓ ሳይቀር እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሐኪሞች የሕፃናትን ድድ በስለት ይቀዱ ነበር፤ ልጅ ሲሞትም "በጥርስ ምክንያት ሞተ" ተብሎ በመዝገብ ይጻፍ ነበር። እነርሱ የበሽታዎችን ትክክለኛ መነሻ ሲያውቁ ልማዱን ተዉት። እኛም ስናውቅ ልንተወው ይገባል።

ታዲያ ተቅማጡ ከየት መጣ?

ጥርስ መብቀሉ ድድን ያሳክካል፣ ልሃጭ ያበዛል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ከባድ ተቅማጥና ከፍተኛ ትኩሳት ግን አያመጣም። ሁለቱ አንድ ሰሞን የሚገጣጠሙበት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ ሕፃኑ ከእናቱ ይዞት የተወለደው የመከላከል አቅም በነዚህ ወራት እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ድዱ ስለሚያሳክከው መሬት የወደቀውን ሁሉ አንስቶ ወደ አፉ ይከታል። ሦስተኛ፣ ከጡት ሌላ ውኃ፣ አጥሚትና የከብት ወተት የሚጀመርለት በዚሁ ወቅት ነው። ውኃው ያልፈላ፣ ዕቃው በደንብ ያልታጠበ ከሆነ ተቅማጡ የገባው በዚያ በኩል ነው። ስለዚህ የጥርሱ ጥፋት በተቅማጡ ሰሞን መገኘቱ ብቻ ነው።

"ግን እኮ ሲነቀልለት ተሽሎታል" የሚሉ እናቶች አሉ። እህቶቼ! ብዙው ተቅማጥ ልጁ በቂ ፈሳሽ ካገኘ በጥቂት ቀናት ውስጥ በአላህ ፈቃድ ይቆማል። ባይነቀልም ይሻለው ነበር። ምስጋናውን ግን ነቃዩ ወሰደው።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው?

5 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም ተሰብስቦ ግማሽ ሊትር አይሞላም። ለአዋቂ ጥቂት የሚመስል ደም ለእርሱ ብዙ ነው። ባልተቀቀለ ስለት የተነካ ድድ ያመረቅዛል፤ ቁስሉም ወደ ደም ተዛምቶ ልጁን ሊገድል ይችላል። መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) አለ። አንዱ ስለት ከልጅ ወደ ልጅ ሲዘዋወር ኤች.አይ.ቪን እና የጉበት በሽታ ቫይረስን ሊያስተላልፍ ይችላል። ከወተት ጥርሱ ሥር ደግሞ የቋሚው ጥርስ ዘር አለ። እርሱ ከተጎዳ ልጁ 10 ወይም 12 ዓመት ሲሆነው ክራንቻው ተጣሞ ይወጣል ወይም ጭራሽ ሳይወጣ ይቀራል። ከሁሉ የከፋው ግን የሚባክነው ጊዜ ነው። ልጁ በነቃይ ቤት ሲሰቃይ ተቅማጡ የሰውነቱን ውኃ እየጨረሰው ይሄዳል፤ ድዱ ስለቆሰለም ጡት መጥባት ይሳነዋል።

ሃይማኖታችን ምን ያስተምረናል?

በቡኻሪና በሙስሊም ሐዲስ ውስጥ ለዚህ ጉዳይ እጅግ የቀረበ ታሪክ እናገኛለን። ከቀደምት ሙሃጂር ሴቶች አንዷ የሆነችው ኡሙ ቀይስ ቢንት ሚሕሰን ልጇን ይዛ ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጣች። ልጁ ጉሮሮውን ታሞ ነበርና በዘመኑ ልማድ ጉሮሮው በጣት ተጭኖ ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እናቶች ልጆቻቸውን በዚህ ዓይነት ማሰቃየታቸውን ነቀፉ፤ በምትኩም መድኃኒት እንዲጠቀሙ አመለከቱ። ሐዲሱ የተነገረው ስለ ጉሮሮ ነው። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፦ የሕፃን አፍ በልማድ አይጎረጎርም፣ ሕመሙ በሚገባው መድኃኒት ይታከማል። እንጥል የሚያስቆርጡ ወገኖችም ይህን ሐዲስ ያስተውሉት።

በአቡ ዳውድና በሌሎች ሐዲስ ዘጋቢዎች በተላለፈ ሌላ ሐዲስ፣ ሕክምና ሳያውቅ የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑ ተነግሯል። ስለት ይዘው የሚነቅሉ ሰዎች በዱንያም በአኺራም የሚጠብቃቸውን ሒሳብ ያስቡ። የአገራችን ሕግም ዝም አላለም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561፣ እንጥል በመቁረጥ ወይም የወተት ጥርስ በመንቀል የሕፃን ሞት ማድረስን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል።

"ጥርሱ በሰላም እንዲወጣ" ተብሎ በአንገት ላይ የሚንጠለጠል ክታብም ልጁን ሊያንቀው ይችላል። ዲናችንም መጠበቅን ከአላህ እንጂ ከሚንጠለጠል ነገር እንዳንሻ ያስተምረናል። ቁርኣን ቅሩበት፣ ዱዓ አድርጉለት፤ ሰበቡንም አድርሱ።

ልጁን እንዴት እናረጋጋው?

1. እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ ድዱን በጣት ቀስ አድርጋችሁ እሹለት።

2. ንጹሕ ጨርቅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አርጥባችሁ፣ ጫፉን እናንተው ይዛችሁ እንዲነክሰው አድርጉ። ቀዝቀዝ ያለ ነገር ማሳከኩን ያስታግሳል።

3. ጡት አብዝታችሁ አጥቡት። አላህ (ሱ.ወ) በአል-በቀራ ምዕራፍ አንቀጽ 233 ማጥባትን መሙላት ለሻ ሁለት ሙሉ ዓመት አድርጎታል። እስከ 6 ወር ከጡት በቀር ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም።

4. ልሃጩን ቶሎ ቶሎ ጥረጉለት፤ አገጩ እንዳይቆስል ቫዝሊን ቀቡት።

5. እቀፉት፣ እሹሩሩ በሉት። ሥራ የበዛባት እናት ስትደክም አባትም ይቀፈው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የልጃቸውን ልጅ ኡማማን ተሸክመው ይሰግዱ እንደነበር አንርሳ።

በድዱ ላይ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አመድ ወይም ጤና አዳም አትቀቡ። ማር ፈውስ ያለበት መሆኑ በቁርኣን ተወስቷል፤ ነገር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ስለሚችል ሐኪሞች ይከለክሉታል፤ ከዓመቱ በኋላ ይደርስበታል። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ፓራሲታሞልም ቢሆን በልጁ ክብደት ልክ ባለሙያ ሲያዝ ብቻ ነው። ድድ የሚያደነዝዝ ቤንዞኬይን ያለበት ቅባትም፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጥ አስጠንቅቋል።

ወደ ጤና ተቋም መቼ እንሂድ?

ተቅማጥ ሲጀምረው በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ኬላ ውሰዱት። በዚያ ኦ.አር.ኤስ እና ዚንክ ይሰጣል። ኦ.አር.ኤሱ ባለሙያዋ እንዳሳየቻችሁ በንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ ዚንኩ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ 10 ቀን ይቀጥላል፤ ጡትም አይቋረጥም። ዓይኑ ወይም እርግብግቢቱ ከጎደጎደ፣ መጥባት ካቃተው፣ ከፈዘዘ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ያገኘውን ሁሉ የሚያስመልሰው ከሆነ ወይም በሰገራው ደም ከታየ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሩጡ። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ትኩሳት ካለውም እንዲሁ። ክትባቱንም አታሳልፉበት። በአገራችን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የሮታ ክትባት ከባድ ተቅማጥን ይከላከላል፤ ሌላውም መንጋጋ ቆልፍን ይጨምራል።

በመጨረሻ ለአያቶቻችን አንድ ቃል አለን። እናቶቻችን ሆይ! ቤቱ የሚሰማው እናንተን ነው። ምራታችሁ ወይም ልጃችሁ ልጇን አቅፋ "ምን ላድርግ?" ብላ ስትጠይቃችሁ "ጤና ጣቢያ ውሰጅው" በሏት። እሁድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ስትወጡም ይህንኑ ለመሰሎቻችሁ ንገሩ። ልጅ የአላህ አማና ነው፤ ጥርሱም ከዚያው አማና ነው።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ የታመሙትን ያሽርልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።