የቀዶ ሕክምና ባለሙያ እጥረትና የሥልጠና ፍላጎት በገጠር ሆስፒታሎች

በኢትዮጵያ የጤና አገልግሎት አደረጃጀት መሠረት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል ታቅዷል። በዚህ ክልል ውስጥ ምጥ የተስተጓጎለባት እናት ቀዶ ሕክምና በወቅቱ ካላገኘች ለማሕፀን መቀደድ፣ ለፊስቱላ ወይም ለሞት ትጋለጣለች። ስፔሻሊስት ሐኪሞች ግን በአብዛኛው የሚገኙት በከተሞች ነው።

ይህንን ክፍተት ለማጥበብ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማሕፀን ሕክምና ባለሙያዎች ሥልጠና በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ተጀመረ። ከሠልጣኞቹ መካከል በሥራ ላይ የቆዩ ጤና መኮንኖች ይገኙበታል።

ሆኖም ቀዶ ሕክምና የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ሰመመን ሰጪ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ፣ አዋላጅና የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ እንዲሁም ደም ያስፈልጋል። ሰመመን ሰጪ ከሌለ ሠልጥኖ የተመደበው ባለሙያ እናቲቱን ወደ ሌላ ሆስፒታል ከመላክ በቀር ምርጫ አይኖረውም። ሥራ ላይ ያልዋለ ክህሎትም እየደከመ ይሄዳል፤ ሌሊትና ቀን ብቻውን ተረኛ የሚሆን ባለሙያ ደግሞ ለመልቀቅ ይገፋፋል።

ስለሆነም የሥልጠና ፍላጎት ሲጠና መለኪያው የተመራቂዎች ቁጥር ብቻ ሊሆን አይገባም። በየሆስፒታሉ ሃያ አራት ሰዓት የሚሠራ የተሟላ ቡድን መኖሩ መታየት ይኖርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 አውጥቶ በ2021 ባደሰው መመሪያ ከገጠር የመጡ ተማሪዎችን ተቀብሎ ማሠልጠንን ይመክራል። ከዚህ ጋር የቡድኑን አባላት በአንድ ጊዜ መመደብና በስፔሻሊስት ሐኪም ጉብኝት መደገፍ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።