ከጎሚስታ ደጅ ወደ ቤት ጠረጴዛ፦ የስኩተር ጎማን በራስ እጅ መጠገን

ስኩተር የተወለደው «ጎማው መንገድ ላይ ቢበሳስ?» ከሚል ጥያቄ ነው ቢባል ከእውነቱ ብዙ የራቀ አይሆንም። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ፣ የአውሮፕላን ፋብሪካው በቦምብ የፈረሰበት ፒያጆ የተባለው የኢጣሊያ ኩባንያ ሕዝብ በርካሽ የሚገዛው ባለ ሁለት ጎማ ማጓጓዣ እንዲነድፍለት ኮራዲኖ ዳስካኒዮን ጠራ። መሐንዲሱ ሙያው አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር እንጂ ሞተር ብስክሌት አልነበረም፤ ሞተር ብስክሌትንም አይወድም ነበር። ከጠላባቸው ምክንያቶች አንዱ ጎማው ሲበሳ አውልቆ ለመለወጥ የሚጠይቀው ጣጣ ነው። ስለዚህ መላውን ከሚያውቀው ዓለም ተዋሰ፤ የፊቱን ጎማ ግራና ቀኝ አቅፎ በሚይዝ ሹካ ፈንታ፣ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ እግር በአንድ ጎን ብቻ በሚይዝ ክንድ ላይ ሰቀለው። እ.ኤ.አ. በ1946 የተመዘገበው የቬስፓ ጎማ እንደ መኪና ጎማ ጥቂት ዳዶዎች ተፈትተውለት የሚወልቅ ሆነ።

ዛሬ በስቶክሆልም፣ በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ጎዳናዎች በሚታዩት ተጣጣፊ የኤሌክትሪክ ስኩተሮች ላይ ግን ይህ ጥበብ በአመዛኙ ተዘንግቷል። ጎማው ትንሽና ደረቅ ነው፤ ቸርኬው ብዙውን ጊዜ አንድ ወጥ ሆኖ ተሠርቷል፤ ሞተሩ በራሱ በጎማው እምብርት ውስጥ ተቀምጦ የኤሌክትሪክ ገመድ ይከተለዋል። በዚህ የተነሣ አንዳንድ ብስክሌት ጠጋኞች ስኩተር ሲያዩ እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ የሚቀበሉትም ለሥራው የሚያስከፍሉት ከአዲስ ላስቲክ ዋጋ እጅግ የበለጠ ሊሆን ይችላል። አገር ቤት ጎማው የተነፈሰበት ሰው ጥቂት ገፍቶ አንድ ጎሚስታ ደጅ ይደርሳል። ባሕር ማዶ በስኩተር ወደ ሥራ ለሚሄድ፣ ይልቁንም በስኩተር ምግብ እያደረሰ ለሚኖር ሰው፣ የተበሳ ጎማ የአንድ ቀን ገቢ ነው።

በቤት ውስጥ ትንሽ የጥገና ስፍራ የማዘጋጀት ሐሳብ የሚመነጨውም ከዚህ ነው። ቦታው ሰፊ መሆን አይጠበቅበትም። ምድር ቤት፣ የመኪና ማቆሚያ ወይም ነፋስ የሚገባበት ሰገነት ይበቃል። የማይነቃነቅ ጠረጴዛ፣ ከጎን የሚመጣ ደማቅ ብርሃንና የሚከፈት መስኮት ግን የግድ ናቸው። መስኮቱ ለይስሙላ አይደለም፤ ላስቲክ የሚለጠፍበት ማስቲሽ ሲደርቅ የሚያወጣው ጭስ መሰል ሽታ ራስ ያዞራል፣ በቀላሉም እሳት ይይዛል። ምግብ የሚሰናዳበት ማእድ ቤት ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ስለ መሣሪያዎቹ ሲነሣ አማርኛ ተናጋሪ አንድ የማያስተውለው ሀብት አለው፤ የቬስፓን አገር የጋራዥ ቋንቋ ሳይማረው ያውቀዋል። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሞርሳ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬን ሁሉም ከኢጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጎሚስታ በኢጣሊያንኛም የጎማ ሠራተኛ ነው። ከመነዳሪ የሚባለው የውስጥ ላስቲክ ደግሞ «የአየር ክፍል» የሚል ትርጉም ካለው የኢጣሊያንኛ ሐረግ በአፍ ሲንከባለል የደረሰ ቃል ነው።

ለመጀመሪያው ቀን የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ ትክክለኛ የግፊት መለኪያ ያለው የእግር ፖምፓ፣ አፋቸው የተድበለበለ ሁለት ወይም ሦስት የጎማ መፈልቀቂያ ብረቶች፣ የቫልቮላውን ልብ የሚፈታ ትንሽ ቁልፍ፣ የአለን ቁልፎች፣ የብሎን መጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቁልፍ፣ ሞርሳ፣ ማስቲሽና የላስቲክ ቁራጮች፣ የውሃ ሳፋና ሳሙና። በሻጮች ዘንድ ባለ መቶ ቁራጭ የመሣሪያ ሣጥን በርካሽ ይገኛል፤ ከመቶው ሰማንያው ለስኩተር አይሠራም፣ ቀሪው ሃያ ደግሞ ብሎን ይፈጫል። ገንዘቡን በግፊት መለኪያውና በመፈልቀቂያ ብረቶቹ ላይ ማዋል ይሻላል።

የግፊት መለኪያው ይህን ያህል ክብር የተሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰውየውና ስኩተሩ አንድ ላይ 95 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፣ ጎማዎቹም በ50 ፒኤስአይ ተነፍተዋል እንበል። ይህ ግፊት በካሬ ሴንቲ ሜትር 3.5 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ክብደቱን የሚሸከመው በዋናነት የታመቀው አየር በመሆኑ፣ ሁለቱ ጎማዎች መሬት የሚነኩበት ስፋት በድምሩ 27 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በአማካይ ለእያንዳንዱ ጎማ የሚደርሰው ከአንድ የክብሪት ሣጥን ፊት ያንሳል። ፍሬን ሲያዝ፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ ሲታጠፍ፣ የሰውየው ነፍስ የተንጠለጠለችው በእነዚህ ሁለት የክብሪት ሣጥኖች ላይ ነው።

ግፊቱ በግማሽ ቢወርድ መሬት የሚነካው ስፋት በእጥፍ ገደማ ያድጋል። ይህ መልካም ዜና ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የጎማው ጎን በየዙሩ ከመጠን በላይ እየታጠፈ ይሞቃል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል፤ ጎማው የመንገድ ጠርዝ ሲመታ ደግሞ ከመነዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተጨፍልቆ ይቀደዳል።

የአየር ጠባይም በዚህ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ሞቃት ክፍል ውስጥ 50 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ፣ 10 ዲግሪ ከዜሮ በታች ወደ ሆነ የሰሜን አውሮፓ ክረምት ሲወጣ፣ ቅንጣት አየር ሳያፈስ ወደ 43 ይወርዳል። ያው ጎማ ከቀዘቀዘ ክፍል ወጥቶ በባሕረ ሰላጤው አገሮች 45 ዲግሪ ሙቀት ላይ ቢቆም ከ55 ያልፋል። ስለዚህ ግፊት የሚለካው ከጉዞ በፊት፣ ስኩተሩ በሚነዳበት የአየር ሙቀት ውስጥ ጥቂት ከቆየ በኋላ ነው። የሚፈለገው ቁጥር በአምራቹ መመሪያ ላይ ይገኛል፤ በጎማው ጎን የታተመው ብዙ ጊዜ የሚቻለው ከፍተኛ መጠን እንጂ የሚመከረው አይደለም።

ጎማው ተበስቶ ጠረጴዛው ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ሥራ ቀዳዳውን ማንበብ ነው። ከመነዳሪው ጥቂት ተነፍቶ ሳፋ ውስጥ ሲነከር አረፋው ቦታውን ያሳያል። ጎን ለጎን የተሰለፉ ሁለት ስንጥቆች ከታዩ ጥፋተኛው ምስማር አይደለም፤ ጎማው በቂ አየር አልነበረውም። ቀዳዳው በመንገዱ አቅጣጫ በሆነው ጀርባ ላይ ከሆነ የወጋው ነገር እስካሁን በጎማው ውስጥ ተሰክቶ ሊሆን ይችላል፤ የሚፈለገውም በጣት ሳይሆን በጨርቅ ነው። በቸርኬው በኩል ከሆነ የቸርኬው ስል ጠርዝ መሞረድ አለበት። በቫልቮላው ሥር ከተቀደደ ግን መጠገን ዋጋ የለውም፤ ላስቲኩ ይለወጣል። ይህን ሳያነብቡ አዲስ ከመነዳሪ የሚከቱ ሰዎች በሳምንቱ ያንኑ ሥራ ይደግማሉ።

በልጣፉ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ደግሞ ጥድፊያ ነው። ቻርለስ ጉድዪር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማና ድኝ አብረው ሲሞቁ ጠንካራና ተለጣጭ ነገር እንደሚወጣቸው ደረሰበት፤ ድኙ የጎማውን ረጃጅም ሞለኪውሎች እርስ በርስ ያስራቸዋል። ጥሩ የጥገና ልጣፍና ማስቲሽ የዚህን ትስስር ታናሽ ወንድም ያለ እሳት ይፈጥራሉ። ለዚህም ቦታው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ሻካራ መሆን፣ ማስቲሹ በስሱ መቀባት፣ ከዚያም በእጅ ሲነካ እስከማይጣበቅ ድረስ ብዙ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ አለበት። እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተለጠፈ ላስቲክ በማግስቱ ይላቀቃል።

ከሁሉ የሚያስመርረው ግን ጎማውን ከአንድ ወጥ ቸርኬ ማውጣትና መመለስ ነው። በርካታ ሰው ጉልበቱን የሚጨርሰው ከማይሆን ነገር ጋር ሲታገል ነው፤ በጎማው ጠርዝ ውስጥ የተቀበረው ሽቦ እንዳይለጠጥ ተብሎ የተሠራ ነውና። መፍትሔው የቅርጽ ጉዳይ ነው። የቸርኬው መካከል ከዳርና ከዳሩ ይልቅ ጎድጉዷል። የጎማው ጠርዝ በአንድ በኩል ወደዚህ ጎድጓዳ ስፍራ ሲገፋ፣ በተቃራኒው በኩል ጥቂት ሚሊ ሜትር መላላት ይገኛል፤ መፈልቀቂያው ብረት የሚገባው እዚያ ነው። ጎማውን ቀድሞ ፀሐይ ላይ ወይም በሙቅ ውሃ ማለስለስ፣ ጠርዙንም በሳሙና ውሃ መቀባት ሥራውን በእጅጉ ያቀልለዋል። ግራሶና የሞተር ዘይት ግን ጎማን ስለሚጎዱ ከዚህ መራቅ አለባቸው። አዲሱ ከመነዳሪ ከመግባቱ በፊት ቅርጹን እስኪይዝ ትንሽ ይነፋል፤ ጎማው ከገባ በኋላም ቫልቮላው አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ላስቲኩ ከጠርዙ ሥር ተቆንጥጦ እንዳይቀር።

በብሎን የተጋጠሙ ሁለት ግማሾች ያሉት ቸርኬ፣ ማለትም የቬስፓና የአንዳንድ ትልልቅ የኤሌክትሪክ ስኩተሮች ዓይነት፣ ከዚህ ድካም ያድናል። ነገር ግን የራሱ አደጋ አለው። ጎማው እንደተነፋ ግማሾቹን የሚያያይዙት ዳዶዎች ቢፈቱ፣ የታመቀው አየር ሁለቱን ብረቶች በመቶዎች ኪሎ ግራም በሚቆጠር ኃይል ይገፋቸዋል። ጎማውን ከስኩተሩ የሚያወርዱት ዳዶዎችና ቸርኬውን ለሁለት የሚከፍሉት ዳዶዎች በአንድ ፊት ላይ ተደርድረው ስለሚገኙ መሳሳት ቀላል ነው። የቫልቮላው ልብ ወጥቶ አየሩ ፈጽሞ ሳያልቅ አንድም ዳዶ መነካት የለበትም።

ጣጣውን ሁሉ ለመሸሽ ድፍን ጎማ የሚገጥሙ አሉ። ድፍን ጎማ አይበሳም፤ ነገር ግን አየሩ ይውጠው የነበረውን የመንገድ ጉብታ ሁሉ ወደ ስኩተሩ አካልና ወደ ነጂው ጉልበት ያስተላልፋል፣ ብሎኖችንም ያላላል። በእርጥብ መንገድ ላይም እምነት የሚጣልበት አይደለም። ለጥቂት ደቂቃ የማይመች ሥራ ተብሎ የሚከፈል ዋጋ ከሆነ ውድ ነው።

በቤት ጠረጴዛ ላይ ፈጽሞ መከፈት የሌለበት አንድ ነገር ቢኖር ባትሪው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ዮርክ ከተማ በሊቲየም አዮን ባትሪዎች ሳቢያ በተነሡ ቃጠሎዎች 18 ሰዎች ሞተዋል፤ ከተማይቱም በዚያው ዓመት የደኅንነት ፈተና ያላለፉ የኤሌክትሪክ ስኩተሮችና ብስክሌቶች እንዳይሸጡ በሕግ ከልክላለች። በባትሪው ውስጥ ካሉት በርካታ ሕዋሶች አንዱ በውስጡ ሲገናኝ ይሞቃል፣ ሙቀቱ ተቀጣጣይ ጋዝ ያፈልቃል፣ ጎረቤቱንም ያቀጣጥላል። ሰንሰለቱ ከጀመረ ለመግታት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ያበጠ፣ ውሃ የገባበት ወይም ክፉኛ የወደቀ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፤ ወደ ባትሪ መሰብሰቢያ ይወሰዳል። በአነስተኛ አፓርታማ የሚኖር ሰው ደግሞ ስኩተሩን ለማቆም የሚቀናው በመግቢያው በር አጠገብ ነው። እሳት ቢነሣ ቤተሰቡ የሚወጣው በዚያው በር ነውና፣ ቻርጅ የሚደረግበት ስፍራ ከመውጫው የራቀ፣ ሰዓቱም ሰው ነቅቶ ያለበት መሆን ይገባዋል። ሞተር ያለበትን ጎማ ለመፍታትም ስኩተሩ አስቀድሞ ይጠፋል፣ ከተቻለም የባትሪው ገመድ ይነቀላል።

ጎማው ተመልሶ ከተገጠመ በኋላ ብሎኖቹ በመለኪያው ቁልፍ አምራቹ ባዘዘው ልክ ይጠብቃሉ። ጎማው በአየር ላይ በእጅ ሲዞር መወላገዱና የኩሽኔታው ድምፅ ይታያል፣ የፍሬኑ ሳህን ዘይት እንዳልነካው ይጣራል፣ መሪው የሚታጠፍበት መቆለፊያም ይፈተሻል። የመጀመሪያው ጉዞ መኪና በሌለበት ግቢ ውስጥ፣ በዝግታ ነው። ግፊቱ ከዚያው ማታ ይመዘገባል፤ በማግስቱ ጠዋት በዚያው የአየር ሙቀት ሲለካ ወርዶ ከተገኘ ሳፋው እንደገና ውሃ ይሞላል።