ከትርጓሜ በፊት ንባብ

ከትንሣኤ በዓል በኋላ በአንዱ ዕለት አንድ ፎቶግራፍ ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። በግፊያ መካከል የወደቁ መነኵሴ ይታዩበታል፤ ከሥሩም «ዛሬ በኢየሩሳሌም» ተብሎ ተጽፎበታል። እኛም አዝነን፣ ሳንመረምር፣ ወደ አገር ቤት ላክነው። ማምሻውን አንድ አባት ምስሉን ረጋ ብለው ተመለከቱና፣ «ሰዎቹ የብርድ ካፖርት ለብሰዋል፤ ምድሩም እርጥብ ነው። ዛሬ ግን ፀሐይ ሲያቃጥለን ዋለ» አሉን። ምስሉ የቆየ ነበር። ልናርም ብንደውል፣ የአንዲት ተሳላሚ እናት ሲያለቅሱ ደረስን። «ልጄን ራሷን ካልሰማሁ አላምናችሁም» አሉን። ሐሰት ያደረሰ አፍ እውነት ይዞ ሲመለስም እንደማይታመን ያን ጊዜ ተረዳን።

ፈላስፋው አርስቶትል ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም ማለት እውነት እንደ ሆነ አስተምሯል። በዚህ ሚዛን ብናየው፣ መነኵሴው በእርግጥ ወድቀዋል፤ ሐሰቱ የገባው «ዛሬ» በምትለው ቃል ነው። የዘመናችን ሐሰት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ የሆነውን ነገር ከጊዜውና ከቦታው ነቅሎ ሌላ ፍች ይሰጠዋል።

የአብነት ትምህርት ቤታችን ሥርዐት ለዚህ ይረዳናል። ተማሪ አስቀድሞ ፊደል ይለያል፤ ተነሽና ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ እያለ ንባቡን ያጸናል፤ ወደ ትርጓሜ የሚደርሰው ከብዙ ድካም በኋላ ነው። መምህሩ «አንድም» እያሉ ፍች ቢያበዙም፣ የሚፈቱት የጸናውን ንባብ ነው። የፍች መብዛት እውነትን አያፈርስም፤ ያልተነበበውን መተርጐም ግን ያፈርሳል። እኛም ያን ዕለት ሳናነብ ተረጐምን።

ዕውቀት ብቻውንም አይበቃም። በዚህች ከተማ ጲላጦስ እውነት ምን እንደ ሆነ ጠይቋል። በጌታችን ላይ በደል እንዳላገኘ ራሱ መስክሮ ሳለ፣ ለሕዝቡ ጩኸት ተሸነፈ። ዛሬ ያ ጩኸት በስልካችን ይመጣል፤ «ቶሎ አስተላልፉ» ይለናል።

ስለዚህ አባቶችንና ተሳላሚዎችን የምንለምነው ይህን ነው። አስደንጋጭ ወሬ ሲደርሰን፣ ማን አየው? የት? መቼ? ብለን እንጠይቅ። መልስ ካላገኘን ዝም እንበል። ከተሳሳትንም ሐሰቱን ለሰማው ለእያንዳንዱ ሰው እርማቱን እናድርስ። እኛ ያን ሌሊት ወደ እናቲቱ ልጅ ሄደን ከእንቅልፏ ቀሰቀስናት፤ እናቷም ድምፅዋን ሰምተው ተኙ።