ሕጉን ማን ይሸከመው? ከዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጋር ትውውቅ

አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው እርሳስ፣ ወረቀትና ዳይስ አለ። አንዱ አጫዋች ነው። «መተላለፊያው ጨለማ ነው። ወለሉ ርጥብ ድንጋይ ነው፤ ከወዲያ ማዶ የብረት በር ይታያችኋል። ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ከቀሩት አንዷ ተዋጊ ናት፤ ሌሎቹ አስማተኛ፣ ሌባና ካህን ናቸው። ሁሉም በየሚናቸው ይመልሱለታል። እንደ ዳማ ባላጋራን አጥቅቶ የሚያሸንፉበት ሰሌዳ የለም። ታሪኩ ከአፋቸው ይወጣል፤ ያሰቡት ይሳካ አይሳካ እንደሆነ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል።

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለው ጨዋታ ይኸው ነው። ለገበያ የቀረበው በ1974 መጀመሪያ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በእኛ 1966 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከሁለቱ ደራሲዎች አንዱ ጋሪ ጋይጋክስ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ ይኖር ነበር። ቀድሞ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነበር፤ ያንን ሥራ ካጣ በኋላ ጫማ ይጠግን ነበር። ሁለተኛው ዴቭ አርነሰን የሚኒሶታ ሰው ነው። ሦስት ትንንሽ መጽሐፎች በአንድ ሣጥን ተደርገው በ10 ዶላር ተሸጡ። የመጀመሪያው ኅትመት 1000 ቅጂ ብቻ ነበር።

ሦስቱ መጽሐፎች ተደምረው ከ110 ገጽ ብዙም አያልፉም። በ2014 የወጣው የአምስተኛው እትም የተጫዋቾች መጽሐፍ ግን ብቻውን 320 ገጽ ነው። ይህን ያየ ሰው «የድሮው ቀላል፣ የአሁኑ ከባድ» ብሎ ቢፈርድ አይገርምም። ፍርዱ ግን ቸኩሏል።

የድሮዎቹ መጽሐፎች ያጠሩት ብዙ ነገር ስለዘለሉ ነው። ገዢው ቼይንሜል የሚባለው የ1971 የጦርነት ጨዋታ መመሪያ በእጁ እንዳለ ይገምታሉ። በዱር በገደል ለመጓዝ ደግሞ የሌላ ድርጅት ጨዋታ የሆነውን የአውትዶር ሰርቫይቫልን ሰሌዳ ተጠቀሙ ይላሉ። በውጊያ ማን ቀድሞ እንደሚመታ እንኳ በግልጽ አልተጻፈም። የተጻፈውም ቢሆን ወጥ አይደለም። በር ላይ ጆሮ ጥሎ ለማዳመጥ ባለ 6 ጎን ዳይስ ይጣላል። በ1975 በተጨመረው ክፍል የመጣው ሌባ ቁልፍ ሲከፍት ከመቶ ይሰላል። ከመርዝ ወይም ከዘንዶ እሳት ለመትረፍ ባለ 20 ጎኑ ዳይስ ይወረወራል፤ ለዚያ ደግሞ አምስት ዓይነት የአደጋ መደብ አለ፤ እያንዳንዱም የራሱ ቁጥር አለው።

ሰውን ይበልጥ ግራ ያጋባው የጥሩሩ ቁጥር ነው። ጥሩርም ጋሻም የሌለው ሰው 9 ይባላል፤ የብረት ጥሩር ለብሶ ጋሻ የያዘው 2። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ለባሹን መምታት ይከብዳል ማለት ነው። ጀማሪ ተዋጊ ጥሩር የሌለውን ለመምታት 10፣ ባለጥሩሩን ለመምታት 17 ያስፈልገዋል፤ ይህንንም የሚያገኘው ሰንጠረዥ አይቶ ነው። በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም ሰንጠረዡ በመቀነስ ስሌት ተተካ። መነሻ ቁጥሩ 19 የሆነ ተዋጊ ጥሩሩ 5 የሆነ ጠላት ሲገጥመው 5ን ከ19 ቀንሶ 14 መጣል አለበት። የጠላት ጥሩር ከዜሮ በታች ሲወርድስ? ከ19 ላይ አሉታዊ ቁጥር መቀነስ ይመጣል፤ ብዙ ጠረጴዛ የተንገራገጨው እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ ጨለማው መተላለፊያ እንመለስ። በድሮው ሕግ ተጫዋቿ ወጥመድ መኖሩን ማወቅ ከፈለገች አፍ አውጥታ መናገር አለባት። «በያዝኩት ረጅም ዘንግ ከፊቴ ያለውን ድንጋይ ሁሉ እየነካካሁ እሄዳለሁ» ትላለች። ዘንጉ ከዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ የሚገዛ ነው፤ ርዝመቱ 10 ጫማ፣ ማለትም ሦስት ሜትር ገደማ። አጫዋቹ ወለሉን በሐሳቡ ስሎ ይፈርዳል፤ ድንጋዩ ይንቀሳቀሳል ወይም ባዶ ድምፅ ያሰማል። በአምስተኛው እትም ግን «ወጥመድ ልፈልግ» ማለት ሊበቃ ይችላል። ባለ 20 ጎኑ ዳይስ ይጣላል፤ የገጸ ባሕርይዋ የማስተዋል ጭማሪ ይደመርበታል፤ ድምሩ አጫዋቹ ከወሰነው ቁጥር፣ ለምሳሌ 15፣ ከደረሰ ወጥመዱ ተገኘ። የመጀመሪያው የተጫዋቿን ብልሃት ይፈትናል፤ ሁለተኛው በወረቀት ላይ የተጻፈችውን ሴት ችሎታ። ዓይናፋር የሆነ ሰው አንደበተ ርቱዕ ጀግና መሆን የሚችለው በሁለተኛው መንገድ ነው፤ ይህን ቀላል ነገር አድርጌ አላየውም። ያም ሆኖ ዘንግ ይዞ ድንጋይ የመነካካቱ ጨዋታ ሲቀር ቅር ይለኛል።

ጋይጋክስ ራሱ በአጭር መጽሐፍ አልረጋም። ከ1977 እስከ 1979 አድቫንስድ የተባለውን እትም በሦስት ጥራዝ አወጣ። እዚያ ውስጥ እያንዳንዱ መሣሪያ በእያንዳንዱ የጥሩር ዓይነት ላይ የሚያመጣው ለውጥ በሰንጠረዥ ተቀምጧል። የአንድ ደቂቃው የውጊያ ዙር ደግሞ በ10 ተከፋፍሎ ይቆጠራል። የኢንሹራንስ ሠራተኛ የነበረ ሰው እጅ በግልጽ ይታይበታል። አንዱ ዓላማ በየከተማው በሚደረጉ ውድድሮች ሁሉም በአንድ ሕግ እንዲጫወት ማድረግ ነበር። በሌላ በኩል አድቫንስድ የተለየ ጨዋታ ነው በመባሉ የአርነሰን የደራሲነት ክፍያ አከራካሪ ሆነ። አርነሰን በ1979 ከሰሰ፤ ጉዳዩ በ1981 በስምምነት አለቀ። ጎን ለጎን ለጀማሪዎች የታሰበው አጭር እትም ይታተም ነበር፤ የ1981ዱ 64 ገጽ ብቻ ነው። በእኔ ግምት እስከ ዛሬ ከታተሙት ሁሉ በደንብ የተጻፈው የሕግ መጽሐፍ እሱ ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2000 ነው። ባለቤትነቱ ከሦስት ዓመት በፊት ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ወደሚባለው ድርጅት ተዛውሮ ነበር። ሦስተኛው እትም ያንን ሁሉ የዳይስ ዝብርቅርቅ አንድ አደረገው። ባለ 20 ጎኑን ጣል፣ ጭማሪህን ደምር፣ ከተቀመጠው ቁጥር ድረስ፤ በቃ። የጥሩሩም ቁጥር ወደ ላይ መቁጠር ጀመረ። ይህን አንድ መስመር የያዘ ሰው ጨዋታውን ጀመረ ማለት ነው።

ነገር ግን በዚያች አንድ መስመር ላይ ልዩ ሁኔታው ተከመረ። በሦስተኛው እትም ጠላትን አንቆ ለመያዝ የፈለገ ተጫዋች መጀመሪያ ተጋጣሚው በነጻ እንዲመታው ዕድል ይሰጠዋል። ከዚያ መንካቱን በዳይስ ያረጋግጣል፤ ቀጥሎ ሁለቱም ጥለው በቁመና ልዩነት ጨምረውና ቀንሰው ያወዳድራሉ፤ በመጨረሻ ወደ ጠላቱ ቦታ ይገባል። ይህ ሁሉ ለአንድ ትንቅንቅ ነው። የ2014ቱ እትም ይህንን ወደ አንድ ፉክክር አሳጠረው። ትንንሽ ጭማሪና ቅናሾችንም በአብዛኛው አስወግዶ በአንድ ብልሃት ተካቸው፦ ሁኔታው ከረዳህ ሁለት ዳይስ ጥለህ ትልቁን ውሰድ፤ ከጎዳህ ትንሹን። እንዲህ ያለ ውብ ሕግ በጨዋታው ታሪክ ውስጥ አላውቅም።

ክብደቱ ታዲያ የት ሄደ? ወደ ተጫዋቹ ወረቀት። በ1974 ገጸ ባሕርይ ለመፍጠር ሦስት ዳይስ ስድስት ጊዜ ጥሎ፣ ከሦስት ሙያዎች አንዱን መርጦ፣ ዕቃ መግዛት ይበቃ ነበር። ዛሬ ዘሩ፣ ያለፈ ሕይወቱ፣ የሙያው ቅርንጫፍና በየደረጃው የሚያገኘው ችሎታ ይመረጣል፤ ጀማሪን አንድ ምሽት ሊፈጅበት ይችላል። ያን ያህል የተለፋበት ሰው በቀላሉ ሊሞት አይገባም። በ1981ዱ እትም የሕይወት ነጥቡ ዜሮ የገባ ሞተ ማለት ነበር። በ2014ቱ ግን ወድቆ ዳይስ ይጥላል፤ የሚሞተው ሦስት ጊዜ ከከሸፈበት ነው። የድሮው ሕግ የከበደው አጫዋቹ ላይ ነበር፤ ያልተጻፈውን ሁሉ እሱ ይፈርድ ነበርና። የአሁኑ ሕግ ለሁሉም ተከፋፍሏል።

ሁሉ በሕግ ይጻፍ ወይስ ዳኛ ይፍረድ የሚለው ክርክር ከዚህ ጨዋታም ይቀድማል። በ1824 የፕራሺያ ጦር የተቀበለው የራይስቪትስ የጦርነት ጨዋታ በሰንጠረዥና በዳይስ የተሞላ ነበር። በ1876 ዩሊየስ ፎን ፌርዲ ዱ ቬርንዋ የተባለ መኮንን ሰንጠረዡ ይቅር፣ ልምድ ያለው ዳኛ ይፍረድ አለ። ከ2006 ወዲህ የድሮውን እትም መልሰው እያሳተሙ ያሉ አሜሪካውያንና አውሮፓውያን ተጫዋቾች የሚሉትም ይህንኑ ነው።

ለአማርኛ አንባቢ አንድ መልካም ዜና አለ። በጥር 2023 የአምስተኛው እትም መሠረታዊ ሕግ፣ ወደ 400 ገጽ የሚሆን፣ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል። ምንጩን እስከጠቀሰ ድረስ ማንም ሰው ሊተረጉመው፣ ሊያሳትመውና ሊሸጠው ይችላል። ሁሉንም መተርጎም አያስፈልግም፤ የዳይሱን ሕግ፣ አራት ሙያዎችንና ጥቂት ጭራቆችን የያዘ 60 ገጽ ይበቃል። ጨዋታው ከአፍ የሚወጣ ታሪክ ነውና በራስ ቋንቋ ሲሆን ያምራል። እንግሊዝኛውም አማርኛውም የሰመረለት አንባቢ ካለ፣ ሥራውን ይጀምር።