ገንዳ የማይጠይቅ ዋና

ሐምሌ 18 ቀን ሰውን ከመስጠም የመታደግ ዓለም አቀፍ ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የሰየመው በ2013 ዓ.ም ነበር። ጉባኤተኞቹ የእኛን ክረምት አስበው እንዳልመረጡት ግልጽ ነው፤ ለወሎዋ አጅባር ግን ከዚህ የተሻለ የሚገጥም ቀን አይገኝም። በሐምሌ አጋማሽ የአማራ ሳይንትና የቦረና ደጋ በጉም ይዋጣል። በበጋ ከድንጋይ ድንጋይ እየተዘለለ የሚታለፈው ጅረት ደፍርሶ ይሞላል፤ ውሃው በየሸለቆው እየተምዘገዘገ ከፊሉ ወደ በሽሎ፣ ከፊሉ በቀጥታ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ትምህርት ቤት የሚዘጋውም፣ ልጆች ቀኑን ሙሉ ከከብት ኋላ የሚውሉትም ያኔ ነው።

ዋና ሲባል ግን ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን ጅረት ሳይሆን ሆቴል ነው። የሂልተን የመስቀል ቅርጽ ያለው ገንዳ፣ ግዮን፣ ከከተማ ወጣ ከተባለም ሶደሬ። አዲስ አበባ ውስጥ አቅም ያላቸው ወላጆች ልጆቻቸውን በወር ክፍያ ያስመዘግባሉ፤ ትንንሾቹ አየር የተሞላ ላስቲክ ክንዳቸው ላይ አስረው ገንዳ ዳር ይደረደራሉ፤ አሠልጣኙ እግር አመታት ያሳያል፤ እናትና አባት ማኪያቷቸውን ይዘው ያያሉ። ደግ ነገር ነው። የሚያሳዝነው ትምህርቱ ከዚያ ገንዳ ሌላ ጥልቅ ውሃ ለማያጋጥማቸው ልጆች ብቻ መሰጠቱ ነው።

ዋና የአገር ወሬ የሆነው አንድ ጊዜ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ በነሐሴ 2008 ዓ.ም፣ በሪዮ ኦሊምፒክ። ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ማጣሪያ በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ገብቶ ከ59 ተወዳዳሪዎች 59ኛ ሆነ። በሰውነቱ ተሳለቁበት፤ የወቅቱ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት አባቱ መሆናቸው ሲሰማ ደግሞ ሳቁ ወደ ቁጣ ተለወጠ። የተቆጡት ያለ ነገር አልተቆጡም። ነገር ግን ክርክሩ ማን ወደ ሪዮ መሄድ ነበረበት በሚለው ተጀምሮ እዚያው አለቀ። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል ስንት ልጅ ሃያ አምስት ሜትር መዋኘት ይችላል ብሎ የጠየቀ አላጋጠመኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም ያወጣው ዘገባ፣ በአውሮፓውያኑ 2021 ብቻ 300 ሺህ ያህል ሰው ሰጥሞ መሞቱን ይገልጻል። ሩብ ያህሉ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው፤ ከአሥሩ ሟቾች ዘጠኙ ደግሞ ድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ። በጎርፍ አደጋ የተወሰዱትና ጀልባ ተገልብጦባቸው የሞቱት በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም። አዲስ አበባ ውስጥ የእሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን ጠላቂዎች በክረምት ከወንዝና ውሃ ካቆሩ የተተዉ ጉድጓዶች የልጆችን አስከሬን ያወጣሉ፤ ዜናውም «ለዋና ገብተው» እየተባለ ይነበባል። በገጠር ፈልጎ የሚያወጣው ጎረቤት ነው፤ ዜናውም ከለቅሶው ድንኳን አያልፍም።

አንዳንዱን አደጋ ደግሞ በገዛ እጃችን ቆፍረነዋል። ከ1995 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ በአማራና በትግራይ ክልሎች የቤተሰብ ኩሬ በዘመቻ ተቆፈረ። ዓላማው ድርቅን መቋቋም ነበር። ብዙዎቹ ኩሬዎች ግድግዳቸው ተዳፋት፣ ወለላቸውም በላስቲክ የተነጠፈ ነበር። እርጥብ ላስቲክ ደግሞ እንኳን ሕፃን ጥጃም ቢገባበት መውጫ አይሰጥም። ወባ መጣብን ከሚለው ጎን ልጆቻችን ይገቡብናል የሚለውም የገበሬዎች አቤቱታ ነበር። አጥር የሚባለው ነገር በዕቅዱ ውስጥ ቢታሰብ ኖሮ ጥቂት እሾህና ጥቂት አጣና በበቃው።

ታዲያ የደጋ ልጅ ዋናን ከማን ይማራል? ከታላቁ። ታላቁም ከታላቁ። ወንዙ ጎድሎ ሲጠራ እረኞች ልብሳቸውን ድንጋይ ላይ ጥለው ይንቦጫረቃሉ፤ የሚችለው የማይችለውን ይገፋዋል፤ የተገፋው ወይ ይንሳፈፋል ወይ ውሃ ጠጥቶ ይወጣል። ቤት ውስጥ ያለው ትምህርት ክልከላ ብቻ ነው፦ እዚያ ጥልቁ ጋ እንዳትደርስ፣ ሰይጣን ይጎትትሃል። ክልከላው ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን ልጁን ከውሃው አያስቀረውም፣ መሄዱን እንዲደብቅ ያደርገዋል እንጂ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ የሚሰጥም ልጅ ብዙ ጊዜ አይጮኽም፤ አፉ ከውሃው በላይ ሲወጣ የሚበቃው ለትንፋሽ ብቻ ነው። አብረውት ያሉት የሚጫወት ይመስላቸዋል። ሴቶቹ ልጆች ደግሞ ውሃ ሲቀዱና ልብስ ሲያጥቡ ከማንም በላይ ወንዝ ዳር ይውላሉ፤ ከዚያ የእረኞች ዋና ግን የሉበትም።

እውቀቱ አገር ውስጥ ጠፍቶ አይደለም። በዓባይ በረሃ፣ በወሎና በጎጃም መካከል ድልድይ ባልነበረበት ዘመን፣ ሰውና ዕቃ የሚያሻግሩት ዋናተኞች ነበሩ። ስልቻ በትንፋሽ ነፍተው፣ መንገደኛውን በዚያ ላይ አሳፍረው፣ እየዋኙ ይገፉ ነበር፤ በአዞም እየተሳቀቁ። ዛሬ ከመካነ ሰላም ወደ ጉንደወይን የሚወስደው መንገድ ያንኑ ወንዝ በድልድይ ይሻገራል። እነዚያ ዋናተኞች ገንዳ አላዩም፤ የአሠልጣኝ ወረቀትም አልነበራቸውም።

የልጆች መስጠም ለእኛ ብቻ የተለየ ነገር አይደለም። ባንግላዴሽ ብዙ ልጆቿን ለኩሬ ስትገብር የኖረች አገር ናት። መፍትሔውን ግን ከሆቴል አልጀመረችውም። ያንኑ የመንደር ኩሬ ወስደው፣ በቀርከሃ አጥረው፣ ከሥሩ የቀርከሃ መቆሚያ ሠርተው፣ የሰፈሩን ወጣቶች አሠልጥነው ልጆችን በትንንሽ ቡድን ማስተማር ጀመሩ። ግቡ ሜዳሊያ አይደለም፤ ሃያ አምስት ሜትር መዋኘት፣ መንሳፈፍና ውሃ ውስጥ ሳይገቡ ጓደኛን ማውጣት ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኗቸው ትምህርቱን የወሰዱ ልጆች የመስጠም ዕድል ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸር በ93 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። መንግሥትም በኋላ የራሱ ፕሮግራም አድርጎ 360 ሺህ ልጆችን ለማስተማር አቀደ።

ይህ አጅባር ላይ ምን ይመስላል? ቀርከሃው በባሕር ዛፍ አጣና ይተካል። ውሃው ከጥቅምት በኋላ፣ ደራሽ ሲቆምና ታቹ ሲታይ፣ ከልጆቹ ደረት የማይበልጥ ቦታ ተመርጦ ይታጠራል። ደጋው ብርድ ነውና ልጆቹ የሚገቡት ፀሐይ ሲከር ነው፣ ለአጭር ጊዜ። ባዶ ጀሪካን ከነክዳኑ ከከተማ ልጆቹ የክንድ ላስቲክ ባልተናነሰ ያንሳፍፋል። አምስት ልጅ ለአንድ አስተማሪ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ትምህርት መሆኑ ቀርቶ ጥበቃ ብቻ ይሆናል። የመጀመሪያው ትምህርት ፊትን ውሃ ውስጥ አስገብቶ ትንፋሽ ማውጣት፣ ሁለተኛው በጀርባ ተንጋሎ መንሳፈፍ። ልጅን ተንሳፍፎ እንዲጠብቅ ማስተማር ፈጥኖ እንዲዋኝ ከማስተማር ይቀድማል። ከዚያ የእረኛ ዱላና ጋቢ፦ ጓደኛህ ሲሰጥም ተከትለህ አትግባ፣ ጋቢህን ወርውርለት፣ ዱላህን ዘርጋለት። አንድ ልጅ ሊያድን ገብቶ ሁለት አስከሬን የሚወጣው ይህን ካለማወቅ ነው። የወጣውን ልጅ ዘቅዝቆ ውሃ ለማስወጣት መታገልም ትንፋሽ የሚሰጥበትን ደቂቃ ይበላል።

ሴት ልጆችን ሴት ታስተምር። በዛንዚባር የፓንጄ ፕሮጀክት ይህን አድርጎታል፤ ሙሉ ሰውነት የሚሸፍን ልብስ አዘጋጅቶ፣ የአካባቢውን ሴቶች አስተማሪ አድርጎ፣ ሙስሊም ወላጆች ሴቶች ልጆቻቸውን እንዲልኩ አስችሏል። ለወሎ ይህ እንግዳ ሐሳብ አይሆንም። ወደ ቆላው ሲወረድ ደግሞ ቢልሃርዝያ አለ፤ ቦታውን የጤና ባለሙያ ሳያየው ልጅ አይግባበት።

ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል፤ በዚህ መሐል ስለ ዋና ማውራት ቅንጦት ነው የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ነገሩን ገልብጬ አየዋለሁ። ከክፍል የቀረ ልጅ ቤት አይቀመጥም፤ ከብት ይዞ ወንዝ ይወርዳል። ጉዳዩ እስካሁን የማን እንደሆነ አለመለየቱ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ውድድር፣ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ክፍል፣ ጤና ጽሕፈት ቤት በሽታ ይቆጥራል። እኔ ብጠየቅ ለሰውነት ማጎልመሻ መምህራን እሰጠው ነበር፤ ቢያንስ ፊሽካ መንፋትና ልጅ ማሰለፍ ያውቃሉ።

ዋና የማይደርስበትም አለ። ሁለት ዓመት የሆነው ሕፃን ኩሬ ዳር የሚያስፈልገው አጥርና የሚያየው ሰው ነው፤ የባንግላዴሾቹ ጥናት ሕፃናቱን ጠዋት ጠዋት ሰብስቦ መጠበቁ ብቻ የመስጠምን ዕድል ከ80 በመቶ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የነሐሴ ደራሽም ድንጋይ እያንከባለለ ስለሚመጣ የዓባዩን ዋናተኛ እንኳ አይምርም። ትምህርት ቤት የሚከፈተው መስከረም ላይ፣ ወንዙ ገና ሳይጎድል ነው። ከወዲያ ማዶ ለሚመጡት ተማሪዎች በሽቦ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ያስፈልጋል፤ እስኪሠራ ድረስ ደግሞ ወንዙ የሞላበትን ቀን ከቀሪ የማይቆጥር ርዕሰ መምህር።